«ገና ልጆች ናቸው»

«ተሸነፍን እንጂ አልተበለጥንም።» ሀዋሳ ከተማ በአንድ ግብ ልዩነት በተሸነፈ ማግስት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰሙ ከቤት ወጥቶ መመለስ አይቻልም። ፒያሳ ተቀምጦ ማኪያቶውን የሚያማስለው ይላታል። ባጃጅ ነጂው መሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞሮ ይላታል፤ «ኧረ መንገዱን እይ!» ቢሉትም ሳይጨርሳት አይመለስም። አሞራ ገደል ዓሣው እስኪጠበስለት የሚጠብቀውም ይላታል። ደግ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ማንንም አታስቀይምም። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ መጥፎ አመል ይለምድበታል፤ ዓረፍተ ነገር ሲደጋገም ዝም ብሎ አያልፍም። ማን ነው የሚናገራት? ስለ ማን ነው የምትናገረው? ምኑንስ ነው የምትሸፍነው?

እስቲ አብረን እናንብባት። «ተሸነፍን» ስንል ባለቤቱ «እኛ» ነው። ተጫዋቹም፣ ደጋፊውም፣ ከተማውም አንድ ላይ ተሸንፈዋል። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ተከትሎ የሚመጣውን ግን ልብ በሉልኝ፦ «ልጆቹ ጥሩ ናቸው። ገና ልጆች ናቸው። ልምድ ነው ያነሳቸው። እያደጉ ነው።» ታዲያ «እኛ» የት ሄደ? ሽንፈቱ ሲነገር አብረን ነበርን፤ የሽንፈቱ ምክንያት ሲነገር ግን ከሜዳው ወጥተን፣ አድባር ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ሽማግሌ ሆነናል። ልምድ የሚያንሳቸው እነሱ፣ የሚያድጉት እነሱ። ክለቡም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ አሰልጣኙም፣ እኛም አድገን ጨርሰናል ማለት ነው።

ደግሞ «እያደጉ ነው» የሚለውን ግስ ተመልከቱት። «አደጉ» ቢባል ነገሩ አልቋል፤ እውነት ይሁን ሐሰት መመርመር ይቻላል። «ያድጋሉ» ቢባል ቢያንስ ቀጠሮ ይይዛል፤ ቀኑ ሲደርስ «የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «እያደጉ ነው» ግን መጨረሻም ቀጠሮም የለውም። አሥር ዓመት ሙሉ ቢናገሩት ማንም ውሸታም አይላቸውም።

ይህን ቋንቋ ከኳሱ በፊት በመጽሐፍ ምረቃ ላይ አውቀዋለሁ። አዲስ ደራሲ መጽሐፉን ሲያስመርቅ መድረክ ላይ የሚወጣው ሐያሲ «ተስፋ ሰጪ ደራሲ ነው» ይላል። ጭብጨባ ይሆናል፣ ቆሎና ለስላሳ ይመጣል። የመጽሐፉ ታሪክ ከግማሹ በኋላ ለምን እንደተልፈሰፈሰ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በየትኛው ገጽ ላይ እንደጠፋች የሚናገር የለም። ደራሲው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሁለተኛው መጽሐፉም እዚያው ገጽ ላይ ይልፈሰፈሳል። «ተስፋ ሰጪ» ብዙ ጊዜ ምስጋና መስሎ የሚቀርብ አለማንበብ ነው። «ገና ልጆች ናቸው»ም፣ እፈራለሁ፣ አለማየት ነው።

ነገሩ የሀዋሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ሰፈር ውስጥ እንጨርሰው ነበር። ግን ትልቁንም ቡድናችንን የምናነበው በዚሁ ዓይን ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር የተጫወተውን ታስታውሳላችሁ። ፍጹም ቅጣት ምት ስተን፣ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጣን። ግቧን ያገባው የሀዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነው። ያን ቀን ሁላችንም «ለጋ ቡድን፣ እያደገ ያለ ቡድን» አልን። ቡድኑ ግን ለጋ አልነበረም እኮ! አዳነ 27 ዓመቱ ነበር፤ አምበሉ ደጉ ደበበም ወደ 30ው የተጠጋ ሰው ነው። ለጋዎቹ እኛ ተመልካቾቹ ነበርን። 31 ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ሳናይ ከርመን፣ የራሳችንን ልምድ ማነስ ለተጫዋቾቹ አሸከምናቸው።

በዚያው ውድድር ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስታሸንፈን ግን ሰዉ ጠየቀ። ተከላካዩ የት ነበር፣ አማካዩ ለምን አልተመለሰም፣ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ምን አስቦ ነው ተባለ። አራት ግብ ቁጭ ብሎ ያስቆጥራል፤ መቆጠር ደግሞ የሐያሲ ሥራ መጀመሪያ ነው። ለእኔ ከ4 ለ 0 ይልቅ 1 ለ 0 እና 2 ለ 1 ናቸው አደገኞቹ። ጠባብ ሽንፈት ምቾት አለው። ዳኛውን፣ ዕድሉን፣ የግቡን ብረት ጠርቶ ቤት ለመግባት ይበቃል።

በጣም ጠባቡ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ደረስን ብለን ጎዳና ላይ ጨፈርን። ጭፈራው ሳይበርድ ወሬው መጣ፤ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል፣ ፊፋ 3 ነጥብ ይቀንሳል ተባለ። ተቀነሰም። ልብ በሉ፣ ይኼ የእግር ጉዳይ አይደለም። ቢጫ ካርድ መዝግቦ የሚይዝ ደብተር ጉዳይ ነው። ተጫዋቾቹ አንገት ለአንገት ተናንቀው ያመጡትን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ወሰደው። እንደ ምንም ምድቡን አለፍን።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ አገባ፤ ስታዲየሙ ሊፈርስ ደረሰ። ኤመኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1። በወሩ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ነገሩ አበቃ። በማግስቱ በየካፌው የሰማሁት ከዛሬው የሀዋሳ ንግግር አንዲት ቃል አይለይም። አልተበለጥንም፣ ልምድ ነው፣ እያደግን ነው፣ ለሚቀጥለው።

«የሚቀጥለው» መቼ መጣ? በ2015ቱ፣ በ2017ቱና በ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫዎች አልነበርንም (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የተመለስነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በውበቱ አባተ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ? በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0። ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፤ ግቧ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ በጭማሪ ሰዓት ገባች። ማግስቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ «ገና ልጆች ናቸው።» ያው በመጣበት አፍ።

ከሁሉም የማይረሳኝ በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ነው። «ሜዳችን» ላይ ነበር የተጫወትነው፤ ሜዳችን ግን የት ነው ብትሉ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! አገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ ነው። አንዷን ግብ ዳዋ ሆቴሳ፣ ሁለተኛዋን ሽመልስ በቀለ አገባ። ሽመልስ የሀዋሳ ልጅ ነው። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ 22 ዓመቱ ነበር፣ ያኔ ልጅ መባሉ ተገቢው ነው። ሊሎንግዌ ላይ 31 ደርሷል። ልጁ እንደ ቃሉ አደገ። ሜዳው ነው አብሮት ያላደገው። ያንን ድል ይዘን ደግሞ ወደሚቀጥለው አፍሪካ ዋንጫ አላለፍንም፤ ከዚያ ቀጥሎ ሞሮኮ ወዳስተናገደችውም እንዲሁ።

ወደ ከተማችን ልመለስ። የሀዋሳ ሰው ስለ ኳስ ሲናገር የሚኮራበት አለው፤ ውሸትም አይደለም። ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1996 ሀዋሳ ነው። በ1999 ደገመው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዋንጫው ሐይቁን ሳያይ ብዙ ክረምት አለፈ። እስከዚያው ግን ልጅ ማፍራታችንን አላቆምንም። አዳነም ሽመልስም ከዚህ ተነስተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገቡ፤ ሽመልስ እስከ ግብፅ ሄደ። ሎዛ አበራ ከሀዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ተነስታ፣ በደደቢት አልፋ ማልታ ድረስ ተጫወተች። እሰየው! ልጅ ሲሄድለት የሚከፋው ወላጅ የለም። ግን «እያደጉ ነው» ስንል ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «አድገው የት ይደርሳሉ?» ነው። በየዓመቱ ቡድኑ ለጋ የሚሆነው ለምን ይመስላችኋል? የበሰለው ስለሚለቀም ነው። «ልጆች ናቸው» ስንል ስለ ተፈጥሮ የምንናገር ይመስለናል፤ የምንናገረው ስለ ገበያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተብሎ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ መካሄድ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ነበሩ። ምስሉ ጠራ፣ ገንዘብም መጣ። ግን ቡድኑ ለወራት ከደጋፊው ርቆ የሚከርምበት አሠራር ነው። ሞግዚት ቤት እንዳለ ልጅ በመስኮት ነው የምናየው። ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ብቻ ነው፤ ኳስ የሌለው ልጅ ምን እንደሚያደርግ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን እጁን ወገቡ ላይ እንዳደረገ አይታይም። ድሮ እሑድ ከሰዓት ሜዳ የገባ ደጋፊ ልምምድ ላይ ያለውን ተቀያሪ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ለዚህ ይሆናል በቅርቡ ከአንዲት የ1 ለ 0 ሽንፈት በኋላ ካፌ ውስጥ የሰማሁት ሰው ያስገረመኝ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አራት አምስት ሆነው ይከራከራሉ። ሁሉም «ዕድል ነው» ሲሉ እሱ «ግቧ የገባችው በ80ኛው ደቂቃ አይደለም» አለ። ሳቁበት። «አዎ፣ በ65ኛው ነው የገባችው» ብሎ ቀጠለ። የግራ ተከላካያችን ፊቱ ያለው የመስመር ልጅ መመለስ ካቆመ ጀምሮ ብቻውን ሁለት ሰው ይዞ ነበር። የእነሱ አሰልጣኝ ይህን አይቶ ያላባው ሯጭ አስገባ። በእኛ በኩል ከወንበሩ የተነሳ የለም። በዚያ በኩል አንዴ አለፉ፣ ወደ ውጪ ወጣ። ሁለተኛ አለፉ፣ ግብ ጠባቂው አዳነው። በሦስተኛው ገባ። «ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? ልምድ አይደለም ያነሰው፣ ሰው ነው ያነሰው» አለ።

እኔ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ «መጨረሻውን መጨረሻው ላይ አትፈልጉት» ብዬ የለፋሁበትን፣ ሾፌሩ በአንድ ስኒ ቡና አስረዳ። ከጠረጴዛው የተሰጠው መልስ ግን «አንተ ደግሞ ማጣጣል ትወዳለህ! ልጆቹን አታበረታታም?» ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። «ልጁ እኮ እንባው መጥቶ ነው የወጣው። እናንተ ‹ገና ልጅ ነው› ስትሉት እሱ የሚሰማው ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ነው» አላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ መነጽሬን አይቶ ይሆናል፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ይመስላሉ፤ የዚህ ልጅ ውል ስንት ዓመት ነው?» አለኝ። አላውቀውም። ጓደኞቹን ጠየቃቸው። የልጁን ሰፈር ያውቃሉ፣ እናቱ የት እንደምትሠራ ያውቃሉ፣ የጫማውን ቀለም ያውቃሉ፣ ቅጽል ስም እንኳ አውጥተውለታል። ውሉን የሚያውቅ አልተገኘም። ሾፌሩ ሒሳብ ከፈለና «ነገ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ» ብሎ ተነሳ።