አደራና ምስጢር፤ ስለ ጆን ስቱአርት ሚል የምርጫ ክርክር

የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ስቱአርት ሚል በ1861 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ እንደራሴዎች መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ድምፅ ስለሚሰጥበት ሁኔታ የሚናገር አንድ ምዕራፍ አለ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የተከራከረው ይህ ሰው፣ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ የሚለውን ማሻሻያ ግን አጥብቆ ይቃወማል።

የክርክሩ መሠረት ጠንካራ ነው። ድምፅ መራጩ እንደ ወደደ የሚያደርገው የግል ንብረቱ ሳይሆን አደራ ነውና በሕዝብ ፊት ሊሰጥ ይገባል ይላል። በዚያን ጊዜ ሴቶች ሁሉና ከወንዶችም የሚበዙት መምረጥ አይችሉም ነበር፤ እነዚህ ሰዎች መራጩ በእነርሱ ስም የሚያደርገውን የማወቅ መብት አላቸው ማለቱ ማለፊያ ነው። ሁሉም መራጭ ቢሆንስ ለሚለው እንኳ መልስ አለው፤ ይኸውም፣ ሕዝብ በጠቅላላው ከጋራ ጥቅሙ በቀር ሌላ ጥቅም ባይኖረውም እያንዳንዱ ሰው ግን ሊኖረው ይችላል የሚል ነው።

ስሕተቱ ያለው አደራውን የሚጠብቀው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሚል የጌቶች ተጽዕኖ ደክሟል፣ ከእንግዲህ የሚያሰጋው የመራጩ ራስ ወዳድነት ነው ብሎ ፈረደ። (እርሱ ራሱ እስከ 1858 ዓ. ም. ድረስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ስለ ነበር ከእርሻ የሚነቅለው ባለርስት አልነበረበትም።) መጽሐፉ በታተመ በሰባተኛው ዓመት፣ ከ1868 ዓ. ም. ምርጫ በኋላ፣ በዌልስ አገር በካርዲጋንሻየርና በካርማርተንሻየር የባለርስታቸውን ፈቃድ ትተው ለሊበራሎቹ ድምፅ የሰጡ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተባረሩ። ድምፅ በአፍ ተነግሮ በመዝገብ ይጻፍ ስለ ነበር ባለርስቱ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። ሚል ሕዝቡ ይመለከታል ያለው ቦታ ላይ የመሬቱ ጌታ ቆሞ ተገኘ።

እንግዲህ ልጆቹን ላለማስራብ ሲል ጌታው ያዘዘውን ስም የተናገረ ጭሰኛ አደራውን በልቷልን? በሚል ሚዛን ከተመዘነ በልቷል። እኔ ግን ለመምረጥ ያልተፈቀደለት ሰው የሚጠየቅበት አደራ አይታየኝም። የምስጢር ድምፅ ሕግ በ1872 ዓ. ም. ሲወጣ ኀላፊነቱ አልቀረለትም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ጀመረበት፣ በጌታው ማመካኘት አይችልምና።

ሚል በ1873 ዓ. ም. ሞተ። ከምዕራፉ ሊድን የሚገባው፣ መራጭ ምክንያቱን በሰው ፊት ማስረዳት አለበት የሚለው አሳብ ነው፤ ይህም ከምርጫው ቀን በፊት በክርክር ሊፈጸም ይችላል፤ ወረቀቱን ማሳየት አያስፈልገውም። ዛሬ የመረጠበትን ወረቀት በኪስ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለድምፅ ገዢ የሚያሳየው መራጭም ድምፁን በግልጽ ሰጥቷል፤ እንዲህ ያለውን ግልጽነት ግን ሚልም ቢሆን የሚወደው አይመስለኝም።