ሁለት ስፋት፣ አንድ ቁመት

ፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 እ.ኤ.አ. በ1972 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ሞተሩ ከኋላ አክሰል ጀርባ ስለተቀመጠ ከክብደቱ የሚበዛውን የሚሸከሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። መሐንዲሶቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ቸርኬው ላይ ይታያል። የፊቱ ስፋት 6 ኢንች፣ የኋላው 7 ነው። ከፊትና ከኋላ ስፋቱ የሚለያይ ቸርኬ ይዞ ለገበያ የወጣ የመጀመሪያው 911 ይኸው ነው።

ለዚህ መኪና ጎማ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቁጥሩን ማንበብ አለበት። የፊቱ 185/70 ቪአር 15፣ የኋላው 215/60 ቪአር 15 ነው። 185 እና 215 ስፋት ናቸው፣ በሚሊሜትር። 70 እና 60 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። አር ራዲያል ማለት ነው። ቪ በዘመኑ በሰዓት ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ መኪና የሚሰጥ ምልክት ነበር። 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች።

አሁን ያስሉት። የ185 ሰባ በመቶ 129.5 ሚሊሜትር ነው። የ215 ስልሳ በመቶ 129። የኋላው ጎማ ከፊቱ በ30 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ የጎናቸው ቁመት ግን የሚለያየው በግማሽ ሚሊሜትር ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊሜትር ስለሆነ ሙሉ ቁመታቸው 640 እና 639 ይመጣል። መኪናውን ከጎን ለሚያይ ሁለት እኩል ክብ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ከኋላው ሲቆሙ ነው። ከመኪናው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። በአጋጣሚ የመጣም አይመስለኝም፤ ፖርሼ በኋላ ለ911 ቱርቦ 16 ኢንች ቸርኬ ሲሰጥ ከፊት 205/55፣ ከኋላ 225/50 አደረገ። የጎኑን ቁመት ቢያሰሉት 112.75 እና 112.5 ያገኛሉ። ልዩነቱ ወደ ሩብ ሚሊሜትር ወርዷል።

ጎሚስታ ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው 195/65 አር 15 ነው። ለአራቱም እግር ያንኑ የሚያስሩ አሉ። ከኋላ ግን 20 ሚሊሜትር ስፋት ይቀንሳል፣ ያውም ክብደቱ ባለበት በኩል። ከፊት ደግሞ 10 ይጨምራል። መሐንዲሶቹ ያበጁት ሚዛን ያኔ ፈረሰ።

አዲስና ጠንካራ የውድድር ጎማም አልመክርም። የጥንቱ ጎማ ረጅም ጎን በኩርባ ላይ ቀስ በቀስ ይተጣጠፋል፤ ከመንሸራተቱ በፊት ለሹፌሩ በመሪው በኩል ይነግረዋል። የመኪናው እግር የተሠራውም ለዚያ ጠባይ ነው። ፒሬሊ ቺንቱራቶ ሲኤን 36ን በሁለቱም ልክ፣ በጥንቱ የጥርስ ቅርጽ፣ በዛሬ የጎማ ውህድ እንደገና አውጥቶታል። ምርጫዬ እሱ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ጎማውን ያጋድሙትና ከጎኑ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም ካላገኙት ይገልብጡት። 3219 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ32ኛው ሳምንት ተመርቷል። ብዙ አምራቾች ጎማ ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ። ቆሞ የሚውል መኪና ጥርስ አይጨርስም፤ ላስቲኩ ግን ይደርቃል። ስለዚህ ጥርሱ ሙሉ ነው ብለው ያረጀ ጎማ አይግዙ።