አጥንት ከመቁጠር አጥንት ማንበብ

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የጥንት አጥንት ተመራማሪ አይደለሁም። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከዓመታት በፊት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ለልጆች ያስተማርኩትን አንድ ነገር የማረም ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2010 ነሐሴ ላይ ሻነን ማክፈረን፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። በአፋር ዲኪካ፣ «ሰላም» የተባለችው ሕፃን ከተገኘችበት አካባቢ ሁለት የእንስሳት አጥንቶች አግኝተዋል፤ አንዱ ላም የሚያህል እንስሳ የጎድን አጥንት፣ ሌላው ፍየል የሚያህል እንስሳ የጭን አጥንት ስባሪ። በላያቸው ያለው ጭረትና ምት በድንጋይ ስለት ሥጋ ሲላጥና ቅልጥም ሲሰበር የቀረ ነው፣ ዕድሜውም ወደ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል አሉ። በዚያን ጊዜ የሚታወቀው ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ የጎናው ነበር፤ 2.6 ሚሊዮን ዓመት። ዜናው በፌርፋክስ ምግብ ቤቶች እንደ ድል ተወራ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተምራቸው ልጆች «በዓለም መጀመሪያ ሥጋ በስለት የቆረጡት የእኛ አገር ሰዎች ናቸው» አልኳቸው። አጨበጨቡ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ከሰላምታ ቀጥላ «ጋሼ፣ ያ ጭረት የአዞ ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የዲኪካው ጥናት በወጣ በዚያው ዓመት ማኑኤል ዶሚንጌዝ-ሮድሪጎ፣ ትራቪስ ፒከሪንግና ሄንሪ በን ተቃውሞ ጽፈው ነበር። አጥንቶቹ የተለቀሙት ከመሬት ገጽ ላይ ነው፤ ተቆፍረው አልወጡም፤ ከብት ጠጠር ላይ ሲረግጠው አጥንት እንዲሁ ይጫራል፣ አሉ። የዲኪካ ሰዎችም ዝም አላሉም። በ2015 ከዚያው ስፍራ ከ4,000 የሚበልጡ ቅሪተ አካሎችን መርምረው የሁለቱ አጥንቶች ጭረት የእርግጫ እንደማይመስል አሳዩ። በዚያው ዓመት ከኬንያ ሎሜክዊ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የድንጋይ መሣሪያ ይፋ ሲሆን፣ የነዘረሰናይ ሐሳብ ያን ያህል የማይታመን መሆኑ ቀረ።

አዞው የመጣው በ2017 ነው። ዮናታን ሳህሌ፣ ሲሪን ኤል ዛታሪና ቲም ዋይት የአሳ ኢሴን፣ የማካን፣ የሐዳርንና የቡሪን አጥንቶች እንደገና መረመሩ። አዞ ሲነክስና ሲጎትት የሚተወው ምልክት ከድንጋይ ስለት ጭረት ጋር ሊምታታ እንደሚችል፣ በእነዚህ ስፍራዎችም አዞ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ደመደሙ። እኔን ያስገረመኝ ቡሪ መኖሩ ነው። በ1999 በቡሪ የ2.5 ሚሊዮን ዓመት አጥንቶች ላይ የስለት ምልክት አለ ብሎ ለዓለም ያስታወቀው ቡድን ውስጥ ዋይት ራሱ ነበረበት። ከ18 ዓመት በኋላ የራሱን ማስረጃ እንደገና መዝኖ ጥያቄ ውስጥ የሚከት ሰው በፖለቲካችንም ሆነ በማኅበሮቻችን ስንት አይተናል? ዲኪካ ከአራቱ ስፍራዎች አንዷ ባትሆንም ጥያቄው ያገኛታል።

ነገሩ የሙያዬ ነገር ነው። የሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በብረት ስብራት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ስለተሰበረ ብሎን ተጠይቄ፣ ጭረቱን አይቼ የመሰበሩ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። በኋላ ሲጣራ ጭረቱ ብሎኑ ከተሰበረ በኋላ በፒንሳ ሲነቀል የተፈጠረ ነበር። የተለያየ ምክንያት አንድ ዓይነት ምልክት ሲተው ምልክቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዕቃው እንዴት እዚያ እንደደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ማየት ለሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ወጥቶ በዊልሻየር ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ላ ብሬያ የሚባለውን የሬንጅ ኩሬ ያገኛል። ክትፎ ካበላን በኋላ እንግዳ የምንወስድበት ቦታ ነው። ከዚያ ከወጡት አጥቢ እንስሳት 90 ከመቶ ያህሉ ሥጋ በሎች ናቸው። ቆጥሮ ብቻ የሚፈርድ ሰው በጥንቱ ሎስ አንጀለስ ለአንድ ሣር በል ዘጠኝ ተኩላና አንበሳ ነበር ሊል ነው። እውነቱ ግን አንድ ጎሽ ሬንጅ ይዞት ሲጮህ ሥጋ በሎቹ በመንጋ መጥተው አብረው መጣበቃቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። አጎቴ በቅርጫ ጊዜ ቢላ የሚጨብጥ እርሱ ነበር፤ «ቢላህ አጥንት ከነካ አልቻልክበትም» ይል ነበር። ጭረት ማለት እንግዲህ የስለቱ መሳት ነው፤ ጭረት የሌለበት አጥንት ሁሉ ያልተበለተ ነው ማለት አይቻልም። ጭረትና የጥርስ ምልክት አንድ ላይ ተደራርበው ሲገኙ ደግሞ የትኛው ከላይ እንዳለ ይታያል። ጥርሱ ከሥር ከሆነ ሰው የአውሬ ትራፊ ነው የበላው፤ ጭረቱ ከሥር ከሆነ ሰው ቀድሟል። አዳኝ ነበርን ወይስ ጥንብ ፈላጊ የሚለው ጥያቄ እንዲህ ባለች ቀጭን መስመር ላይ ይንጠለጠላል።

የእኔ ፍርድ? የዲኪካ ነገር አልተዘጋም። የእርግጫው መቃወሚያ በ2015 በእጅጉ ተዳክሟል፤ የአዞው ግን ቆሞ ይጠብቃል። በቁፋሮ፣ ከነአፈሩ፣ በርከት ብሎ የሚወጣ አጥንት እስኪገኝ ድረስ «የመጀመሪያዎቹ» የሚለውን ቃል መዋስ እንጂ መግዛት አንችልም። ወቀሳዬ ግን በተመራማሪዎቹ ላይ አይደለም፤ በእኛ በጻፍነውና ባወራነው ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ምሁራን በዚህ ክርክር በሁለቱም ወገን ቆመው በማስረጃ ሲሟገቱ፣ እኛ ቁጥሯን ብቻ አንስተን ሮጥን። በአማርኛ አጥንት መቁጠር ዘር መቁጠር ነውና፣ የሦስት ሚሊዮን ዓመቱንም አጥንት እንደዚያው ቆጠርነው።

ባለፈው ወር ከምግብ ቤት የተቀቀለ የጎድን አጥንት ለምኜ አመጣሁ። ግማሹን በተሰበረ ድንጋይ ቧጨርኩት፤ ግማሹን ጠጠር ላይ ጥዬ ረገጥኩት። ቅዳሜ ጠዋት ደባልቄ ለልጆቹ ሰጠኋቸውና የቱ የቱ እንደሆነ እንዲለዩ ጠየቅኳቸው። ጮኹ፣ ተከራከሩ፣ አጉሊ መነጽር ተነጣጠቁ። ያቺ ተማሪዬም መጥታ ነበር። በመጨረሻ ሁለት አጥንቶች ቀሩ፤ ምልክት ማድረግ ረስቼ ስለነበር እኔም ልለያቸው አልቻልኩም።