ቀለም የተቀባ ካብ

ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ፣ ሰባት የድንጋይ ዓምዶች በረሃው ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው ከ9 ሜትር ይበልጣል። ኒውዮርክ የሚኖረው ስዊዘርላንዳዊ አርቲስት ኡጎ ሮንዲኖኔ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲያቀርባቸው «ሰባቱ ምትሐታዊ ተራሮች» ብሎ ሰየማቸው። ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ደማቅ አረንጓዴ፤ ተማሪ መጽሐፉን የሚያቀልምበት ዓይነት፣ ዓይን የሚወጋ ቀለም ነው።

ከአውራ ጎዳናው ሲታዩ ከረሜላ ይመስላሉ። አብዛኛው ጎብኚም እንደ ከረሜላ ነው የሚያያቸው፤ መኪናውን ያቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ሥራው ግን ከፎቶው ይበልጣል። ጠጋ ብሎ ላየው ሐበሻ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ካብ ነው። ካብ የሚክብ ገበሬ ድንጋዩን ያገላብጣል፣ የሚገጥምበትን ፊት ይፈልጋል፤ ጭቃም ሲሚንቶም የለው፣ የሚይዘው የራሱ ክብደት ነው። እነዚህም ከሦስት እስከ ስድስት እየሆኑ የተደራረቡ የኔቫዳ በሃ ድንጋዮች አሁን ይወድቃሉ ያሰኛሉ። ስንጥቃቸውና ሻካራነታቸው ከቀለሙ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ትልቁ ነገር ደግሞ ዓይን ከቀለሙ ዞር ሲል ይመጣል። ቅድም ቡናማ ብቻ የነበሩት የጀርባ ተራሮች ሐምራዊም ዝገትም አመድም ሆነው ይገኛሉ። የሮንዲኖኔ ቀለም ያገለገለው ለዚህ ከሆነ፣ ደግ አገልግሏል።

አካባቢው ለኪነ ጥበብ አዲስ አይደለም። በአቅራቢያው ባለው የጂን ደረቅ ሐይቅ (ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ያስደነግጣል!) ሌላው ስዊዘርላንዳዊ ዣን ታንግሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ከቁርጥራጭ ብረትና ከውዳቂ ዕቃ የሠራውን ሥራ በፈንጂ አጋይቶታል። ደቂቃዎች ቆየ፣ አለቀ። ማይክል ሃይዘር በበኩሉ ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምሥራቅ ባለ አምባ ላይ በ1969 እና 1970 የቆፈረው ግዙፍ ቦይ ዳርና ዳሩ እየተናደ ነው።

«ሰባቱ ተራሮች» እንዲቆዩ የታቀደው ለሁለት ዓመት ነበር። ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ጊዜው ተራዘመ። ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዛለች፣ ጎብኚ ስሙን ይጽፍበታል፣ እንደገና ይቀባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በየጊዜው የሚታደስ ቀለም የማስታወቂያ ሰሌዳ ጠባይ ነው፤ ላስ ቬጋስ ደግሞ ሰሌዳ ሞልቷታል። የሚሻለው ቀለሙን መተው ነበር። ፀሐይ ትላጠው፤ ሮዙ ይገርጣ፣ ቢጫው ይንጣ፣ በሃው ቀስ እያለ ይውጣ። ያኔ በረሃው ራሱ የሥራው ተካፋይ ይሆናል። ፎቶ አንሺው ይቀር ይሆናል፤ ካቡ ግን ይቆማል።

እስከዚያው ለማየት ያሰበ ሰው በማለዳ ቢሄድ ይሻለዋል። አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ፣ የዓምዶቹ ጥላ ረዝሞ መሬቱ ላይ ሲተኛ፣ ጥላው ቀለም የለውም።