የቤተልሔም ድጓና የመምህሩ ጆሮ

የዜማን ሊቅ በድምፁ ማማር ብቻ መመዘን የቈየ ልማድ ነው። ድምፅ ግን ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ከባለቤቱም ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። የመምህር ሥራ የሚታወቀው እርሱ ዝም ካለ በኋላ ደቀ መዝሙሩ በሚያዜመው ነው። ይህን ነገር ከጋይንት ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ቤተልሔም የድጓ፥ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው በዚያው በጋይንት ምድር ይገኛሉና።

ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ መጽሐፍ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የዜማው ምልክቶች ግን፥ ታሪክ እንደሚመሰክረው፥ በዐጼ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁ ናቸው። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቍርጥ ከቃሉ በላይ ተጽፈው ይታያሉ። እነዚህ ምልክቶች እንደ አውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታ በመስመር ለክተው አያስቀምጡም። ድፋት ድምፁ እንዲደፋ ይነግራል፤ እንዴትና ምን ያህል እንዲደፋ የሚያውቀው ግን አስቀድሞ የሰማ ጆሮ ነው። ስለዚህ ምልክት ለተማረው ማስታወሻ ይሆነዋል እንጂ ላልተማረው መምህር ሊሆነው አይችልም።

የቤተልሔም መምህር ጥበብ የሚጀምረው ምልክቱ ከሚያቆምበት ስፍራ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ ቍራሽ እየለመነ፥ ለብዙ ዓመት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። በሌላ አገር ድጓን የዘለቀውም ሳይቀር ዜማውን ለማስመስከር ወደዚህ ይመጣል። መምህሩ ይሰማል፤ የጐበጠውን ያቃናል፤ ደግሞ ያስብላል። ድምፁ የተማሪው ነው፤ መንገዱ ግን ከመምህር ወደ መምህር የወረደ ነው።

የአውሮፓ ኖታ ሁሉን ስለሚይዝ እንዲህ ያለ ድካም አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር፥ የሞዛርትን የክላሪኔት ድርሰት ይመልከት። ሞዛርት በ1791 ይህን ድርሰት የጻፈው ለአንቶን ስታድለር ነበር። ስታድለር የሚነፋው ክላሪኔት ከተለመደው ይልቅ ወደ ወፍራም ድምፅ የሚወርድ ነበር። ነገር ግን የደራሲው የእጅ ጽሑፍ ጠፋ፤ በ1801 የታተመውም ለተለመደው ክላሪኔት እንዲስማማ የተለወጠ ሆነ። ነፊዎችም ከመቶ ዓመት በላይ የተለወጠውን እንደ ዋናው ቈጥረው ነፉ። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የፊተኛውን መልሰው ለማግኘት ብዙ ደከሙ። ወረቀቱ ኖሮ ሳለ ከስታድለር የሚያያይዘው ሰንሰለት ተቈርጦ ነበርና።

ይሁን እንጂ የቤተልሔም ምስጋና ትችትን አያስቀርም። በየደብሩ አንድ ዐይነት ዜማ መሰማቱ ለማኅበረ ካህናት ይበጃል፤ ከሩቅ የመጣ ደብተራ ሳይደናገር ከማኅሌቱ ይገባልና። ነገር ግን የቤተልሔም ዜማ በሰፋ መጠን አጫብርና የእስቴው ቆማ ጥግ ይዘዋል። እነርሱም አባቶች የደከሙባቸው ናቸው። የአንዱ መንገድ መቅናት የሌላው መረሳት ምክንያት ከሆነ ትርፉ ከጕዳት ጋር የተቀላቀለ ይሆናል።

ዛሬ ድጓ ታትሟል፤ የመምህራንም ድምፅ በመቅረጫ ይያዛል። ሁለቱም መልካም ናቸው። መቅረጫ ግን የተሰጠውን መልሶ ያሰማል እንጂ የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ አያቃናም። ስለዚህ መጽሐፍና መቅረጫ ለመግዛት የሚዘረጋ እጅ ለመምህሩ ቀለብ፥ ለተማሪውም ዕለታዊ እንጀራ ሊታጠፍ አይገባውም። በቤተልሔምም በቆማም የሚያስመሰክር መምህር ቢታጣ፥ መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት ሞልተው ሳለ ዜማው ሊጠፋ ይችላል።