የማግኔት የአእምሮ ሕክምና ከአታት መንገድ አንጻር ሲመዘን

አእምሮን በማግኔት ስለ ማከም የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ መሣሪያውን ያመሰግናል፤ በሽተኛውን ወደ መሣሪያው የሚያደርሰውን መንገድ ግን እምብዛም አይመዝንም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ጉድለት ለመመርመር አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕክምናው መሠረት እንግዳ ነገር አይደለም። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል። በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የሽቦ ጥቅል ወደ ራስ ቅል በማስጠጋት አንጎልን ከውጭ ለመቀስቀስ ቻሉ። በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን መድኃኒት ላልረዳቸው የድብርት ሕመምተኞች ፈቀደ። በሽተኛው ነቅቶ ስለሚታከም ማደንዘዣ አያሻውም። ይሁን እንጂ በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ላለበት ሰው አይሰጥም፤ አልፎ አልፎም የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል።

በ2018 በካናዳ በ414 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆነ። ይኸውም በ3 ደቂቃ የሚያልቀው አዲሱ ስልት 37 ደቂቃ ተኩል ከሚፈጀው ከቀድሞው እንደማያንስ አስረዳ። እርምጃው ትልቅ ነው። ነገር ግን በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መመላለሱ አልቀረም፤ ደቂቃው አጠረ እንጂ መንገዱ አላጠረም። እንሰቱን ትቶ ከገጠር ለሚመጣ ገበሬ ከደቂቃው ይልቅ የሚከብደው የቀኑ ብዛት ነው። በ2022 የተፈቀደው ሌላ ስልት በቀን 10 ጊዜ ተሰጥቶ በ5 ቀን ያልቃል። ይህም መመላለስን ቢያስቀር፣ በሕክምናው ቦታ ማደሪያን ይጠይቃል።

ስለ ማደሪያ ደግሞ አታት የሚያስተምረን አለ። በ1969 በሜዲካል ሚሽን እኅቶች የተቋቋመው የአታት ሆስፒታል፣ የሚያሠጋ ምልክት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው በፊት የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 የነበሩትን 24,148 ወሊዶች የመረመረ ጥናት እንደሚለው፣ በማረፊያው ከቆዩት እናቶች ከ1,000 ሕፃናት 17.6፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191.2 ሞተው ተወልደዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። በቀጥታ ከመጡት መካከል ምጥ በቤታቸው ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሚገኙ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለማረፊያው መስጠት አይቻልም። የሆነ ሆኖ በሽተኛው ችግሩ ሳይጠና ከሐኪሙ አጠገብ ማደሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጥናቱ ያመለክታል።

በዚያው በጉራጌ አገር በቡታጅራ ከ1998 ጀምሮ 68,378 ሰዎች ተመርምረው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ የሕመሙን መድኃኒት ያገኙት ከ10 አንዱን እንኳ አይሞሉም። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዚሁ አካባቢ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሰጠው እንክብካቤ በሆስፒታል ከሚሰጠው የአእምሮ ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። ሕመሙ ከድብርት የተለየ ስለሆነ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ማግኔቱ ማዛወር አንችልም። ሕክምናው ወደ በሽተኛው ሲቀርብ ግን ጥራቱ የግድ እንደማይጓደል እንረዳለን።

ስለዚህ ማግኔቱን አንነቅፍም፤ ሚዛኑን እንነቅፋለን። ወደፊት ስለዚህ ሕክምና የሚጽፉ ሁሉ ስንቶች እንደዳኑ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቶች ጀምረው እንዳቋረጡ፣ ቤታቸው ምን ያህል እንደሚርቅና የት እንዳደሩ ጭምር እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።