ደካማው ማን ነው? ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ወይስ ጌሙ?

“ይሄ ላፕቶፕ ጌም አይችልም፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም።” ይህን ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለትምህርት ተብሎ የተገዛ ወይም ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ፍርዱ የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጌሙን እንኳን ሳይከፍቱ ነው።

እኔ ግን ይግባኝ ማለት እፈልጋለሁ። ድልድይ ሊሠራ ሄዶ ወንዙን “ለምን ሰፋህ?” ብሎ የሚወቅስ መሐንዲስ የለም። መጀመሪያ ወንዙን ይለካል፣ ከዚያ ይነድፋል። ጌም ሠሪም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንድን ጌም ስንገመግም “ምስሉ ምን ያህል ያምራል?” ከማለታችን በፊት “ያገኘውን አቅም ምን ላይ አዋለው?” ብለን እንጠይቅ። በዚህ መስፈርት አራት የታወቁ ጌሞችን እናያለን፤ ቀጥለን ወደ ሀገራችን ሥራዎች እንመጣለን። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንረዳ።

ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው

ይህን የምጽፈው ከአሊዩ አምባ ነው። ለማታውቋት፣ አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ያለች የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ግመል የቆላውን መንገድ ይችለዋል፤ የደጋው አቀበት ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ዕቃው ከግመል ይወርድና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ አስቡት፦ ከታች ሺህ ግመል ተጭኖ ቢቆም እንኳ፣ በቀን አንኮበር የሚደርሰውን ዕቃ የሚወስነው ጠባቡ አቀበት ነው።

ላፕቶፓችሁም እንዲህ ያለ አቀበት አለው። “ግራፊክስ ካርድ የለውም” ሲባል ምስል የሚሠራ ክፍል የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ተሠርቷል። የሌለው የራሱ መጋዘን፣ ማለትም የራሱ ሚሞሪ ነው። ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር ይካፈላል፤ ሁለቱም የሚመላለሱት በአንድ መንገድ ነው።

በቁጥር እንየው። ዲዲአር4-2400 የሚባለው አንድ ራም በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያመላልሳል። ጂዲዲአር5 ሚሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ግን 128 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ያውም ለብቻው፣ ከማንም ጋር ሳይጋፋ። ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

ታዲያ 19.2 ጊጋባይት በቂ አይደለም? ይወሰናል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢቀባ ወደ 124 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። ለአንዱ ፒክስል 4 ባይት ብንይዝ ደግሞ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ይኼ ምንም አይደለም! ሸክሙ የሚከብደው ጌሙ ለእያንዳንዱ ፒክስል የድንጋዩን መልክ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ጥላውን፣ ነጸብራቁን፣ ጭጋጉን ለማወቅ ወደ ሚሞሪ እየደጋገመ ሲመላለስ ነው። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ የምልልሱን ብዛት የሚወስነው ጌም ሠሪው ነው።

አራት ጌሞች፣ አራት ፍርዶች

ኢንቱ ዘ ብሪች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስልት ጌም ነው። ሜዳው 8 በ8፣ በጠቅላላው 64 ካሬ ብቻ ነው። ግዙፍ ነፍሳት ከተማ ሊያፈርሱ ይመጣሉ፤ እናንተ በሦስት ማሽኖች ትከላከላላችሁ። ትልቁ ብልሃቱ ጠላት የት እንደሚመታ አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ የቀረው ማሰብ ነው። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። የገበጣ ጠጠሮች ሁሉ ይታያሉ፣ የሚደበቅ ነገር የለም፣ ሆኖም ትሸነፋላችሁ። ጌሙ በተራ የሚሄድ ስለሆነ ማሽኑ ለአፍታ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ታሪኩ ሳሳ ያለ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ እምብዛም አይናገሩም። ግን በ64 ካሬ ይህን ያህል ማሳሰብ ከቻለ፣ ምስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማማረር አያስኬድም።

ፔፐርስ ፕሊዝ። ሉካስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። በአንድ ልብ ወለድ አገር የድንበር ኬላ ላይ ፓስፖርት የምታዩት እናንተ ናችሁ። ደመወዛችሁ በትክክል ባስተናገዳችሁት ሰው ቁጥር ይወሰናል፤ ማታ ደግሞ ለቤተሰብ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት መክፈል አለ። አንዲት ሴት ወረቀቷ ሳይሟላ “ባሌ አሁን አልፏል፤ አሳልፈኝ” ብትል ምን ታደርጋላችሁ? ምስሉ ደብዛዛና ሻካራ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የደበዘዘው ቀለም የዚያን አገር ፍርሃት በዓይን ያሳያል። በዘመናዊ ብርሃንና ነጸብራቅ ቢሠራ የተሻለ ጌም የሚሆን አይመስለኝም።

ስታርዱ ቫሊ። ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። ምስሉን፣ ሙዚቃውን፣ ታሪኩን፣ ኮዱን ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ሜዳው በሁለት አቅጣጫ ብቻ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ሥዕል ስለሆነ ያ ጠባብ መንገድ አይጨናነቅም። ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የኛ ሀገር ተጫዋች ወዲያው ይገባዋል። ጌሙ በኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥላችሁ ገጸ ባሕርያችሁ ሲተኛ፣ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ወይም በዴስክቶፕ ስትጫወቱ መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ዘራችሁ፣ ዓሣችሁ፣ የቀን ድካማችሁ ሁሉ ውኃ በላው። ለደካማ ማሽን የሚሆን ጌም ለደካማ መብራትም ማሰብ ነበረበት። “ቀላል” የሚለው ቃል ይህንንም ማካተት ያለበት ይመስለኛል።

ማይንክራፍት። ሲያዩት ከሁሉም የቀለለ ይመስላል፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ነው። የጃቫው ቅጂ ግን ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ይንቀራፈፋል። ለምን? እንቁጠር። ዓለሙ የተከፈለው 16 በ16 በሆኑ ቁራሾች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአንዱ ቁመት 384 ሆኗል። በአንድ ቁራሽ ውስጥ 98,304 የሳጥን ቦታ አለ ማለት ነው። የእይታውን ርቀት 12 ብታደርጉት በዙሪያችሁ 625 ቁራሽ ይኖራል፤ በጠቅላላው ከ61 ሚሊዮን በላይ ቦታ። ብዙው አየር ወይም የተደበቀ ድንጋይ ስለሆነ አይሳልም፤ ሆኖም የትኛው እንደሚታይ ማወቅ ራሱ ሥራ ነው። ርቀቱን ወደ 6 ብታወርዱት ቁራሾቹ 169 ይሆናሉ፣ ከሩብ ትንሽ በለጥ ያለ ብቻ። ስለዚህ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የምትነኩት ሴቲንግ ይህ ይሁን።

እንደ ሐሳብ ማይንክራፍት ድንቅ ነው። እንደ ምህንድስና ግን ወቀሳ ይገባዋል። ማስረጃው ሶዲየም የተባለው ነፃ ማሻሻያ ነው። በፈቃደኞች የተሠራው ይህ ማሻሻያ ሳጥኖቹ የሚሳሉበትን መንገድ ብቻ ነው የለወጠው፤ ዓለሙም ማሽኑም ያው ነው፤ ጌሙ ግን በጣም ይፈጥናል። እና ደካማው ላፕቶፑ ነበር?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ኪሳችሁን ዳሰስ አድርጉ። ስልካችሁም ለብቻው የተቀመጠ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስል የሚሠራው ክፍል ሚሞሪውን ከፕሮሰሰሩ ጋር ይካፈላል። በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የተሠሩት ኩኩሉና ገበጣ የስልክ ጌሞች ናቸው። ስለዚህ እዚሁ በጠባቡ አቀበት ላይ የተሠሩ ናቸው።

ኩኩሉ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ሐሳቡ ያስቃል፤ የበዓል ዋዜማ ዶሮ አምልጣ ሰፈሩን ስታሯሩጥ ያላየ ኢትዮጵያዊ አለ እንዴ? ለስልክ አቅምም በልኩ ተሰፍቷል። ሆኖም በመስፈርታችን ስንለካው አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ መልኩ የኛ ነው፣ ሕጉ ግን ከዓለም የተወሰደው የታወቀ የሩጫ ጌም ሕግ ነው። ገበጣ በተቃራኒው ሕጉ ራሱ የኛ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር የሚሠራ ይህን ያህል የሕግ ሀብት አለን፤ አንዱም ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም።

ጉዳዩ ለኔ ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው። “ላፕቶፕህ አይችልም” የተባለ ልጅ ከመጫወት ብቻ አይቀርም። “እኔም መሥራት አልችልም” ብሎ ይደመድማል። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ በደካማ ማሽን የሚሠራ ሰው የተጫዋቹን ማሽን በእጁ ይዟል። ጌሙ ሲንቀራፈፍ ከተጫዋቹ ቀድሞ ያየዋል። ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ለአሮጌና ለደካማ ማሽኖች ተብሎ የተዘጋጀ የምስል አሠራርም አለው።

ለመጫወት ያህል ደግሞ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱት፤ ፒክስሉ 921,600 ይሆናል፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፓችሁ አንድ ራም ብቻ ካለውና ሌላ ባዶ ቦታ ካለ፣ ተመሳሳይ ራም ጨምሩበት። ያ 19.2 ጊጋባይት መንገድ 38.4 ይሆናል። ብዙ ሰው ራም የሚጨምረው ለመጠኑ ብሎ ነው፤ ለጌም ግን ሁለተኛ መንገድ መክፈቱ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ለመሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልስጣችሁና እናብቃ። እ.ኤ.አ. በ1841 በዚህ መንገድ ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለ አሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ ጽፎ አልፏል። እናንተ የገበያው ቀረጥ ተቀባይ ናችሁ እንበል። ግመሎቹ ደርሰዋል፤ ቡና አለ፣ አሞሌ ጨው አለ፣ ጨርቅ አለ። በቅሎዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አቀበቱ ጠባብ ነው፣ ዝናብ እየመጣ ነው። የማን ጭነት ይቅደም? የማን ይደር? ይህን ጌም ለመሥራት የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ጥሩ ሕግ ነው። ስትጨርሱት ያው ላፕቶፕ ይበቃዋል።